ለቅሶ ላይ ሳለች የተዛወረው ፕሮግራም

አሶሳ የተመደብኩበት ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል አለቃችን ሥርዓት የሚያስጨንቀው ሰው ነው። በክረምቱ ጭቃ እንኳ ጫማው ሲቆሽሽ አላየሁም። ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም በተጫነበት ሰርቨራችን ላይም እንዲሁ ነው፤ ከሲስተሙ ጋር ያልመጣ፣ ከውጭ የተገኘ ፕሮግራም ሁሉ «ኦፕት» በሚባለው ማህደር ይጫናል፤ ሌላ ቦታ ካገኘው ያኮርፋል። መመሪያዎቹም የሚሉት ይህንኑ ስለሆነ አልከራከረውም።

የበርታ ቋንቋ የምታስተምረው ባልደረባችን ግን የድምፅ መቅጃ ፕሮግራሟን የጫነችው ሰርቨሩ ላይ ባላት የግል ማህደር ውስጥ ነበር። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ስለሌላት ሌላ ቦታ መጫን አትችልም። ፕሮግራሙ የቀዳውን ሁሉ እዚያው ከራሱ ጋር ያስቀምጣል። የምትቀዳው ደግሞ አባቷን ነው፤ ሽማግሌው በበርታ የሚያወሯቸውን የድሮ ወጎች።

አባቷ አረፉና ለለቅሶ ወደ መንደሯ ሄደች። እሷ በሌለችበት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳ አለ። እኔም እንደ ልማዳችን ሲስተሙን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። የግል ማህደሮች ሌላ ዲስክ ላይ ስለሆኑ አይነኩም፤ የተቀረው ይጠፋል፣ ኦፕትም ጭምር። እዚያ ያለውን ከኢንተርኔት መልሰን ስለምናወርደው አያሳስበንም።

ከለቅሶ ስትመለስ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ከባጃጅ ወርዳ በቀጥታ እኛ ዘንድ መጣች፤ የአባቷን ድምፅ ልትሰማ። ማህደሯን ከፈትኩላት። ፕሮግራሙ የለም። የተሳሳተ ቦታ የከፈትኩ መስሎኝ ሳቅሁ እንኳ። ደግሜ ፈለግሁ። ቀና ስል የአለቃችን ፊት አመድ መስሏል።

«ለቅሶ ላይ ሳለሽ ወደ ኦፕት አዛወርኩት» አላት። «ከነቀረጻው። ቦታው እዚያ ነው ብዬ።»

ክው አልኩ። ሰው አባቱን እየቀበረ ዕቃውን ያዛውሩበታል? ያጠፋሁት ደግሞ እኔው፣ በገዛ እጄ! ሌላ ቅጂ እንዳላት ጠየቅኋት፤ የላትም። ዲስኩን ስንበረብር ዋልን፤ ምንም አልተገኘም።

«መልሳችሁ ጫኑልኝ» አለች በመጨረሻ። «ወጉን ሳልረሳው እኔ ልናገረው።»

የት እንደምጭነው ለመጠየቅ በልማድ ወደ አለቃችን ዞርኩ። ለሁሉም ነገር ቦታ የሚያውቀው ሰው መሬት መሬት ያያል። እሷኑ ጠየቅኋት።

«በነበረበት» አለች። ጭኜ ሳልጨርስ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።