የአባ መፋቂያና የሰይድ ሳጥን

ሐይቁ ዳር በዓሣ ሻጮቹ በኩል ሳልፍ ፀሐይ የመታው የእንጨት ሳጥን ሽታ አፍንጫዬ ከገባ እግሬ ሳላዘው ይቆማል። ለሌላው ሰው ዓሣ ነው፤ ለእኔ ግን የወንድሜ የሰይድ አምፕሊፋየር ነው የሚሸተኝ። አትሳቁ! አባ ያንን የጊታር ድምፅ ማጉያ የሠራው ዓሣ አጥማጆች በጣሉት ሳጥን ውስጥ ነበርና፣ ሲግል ቤታችን የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ይሸት ነበር፤ የሰፈሩ ድመቶችም ደጃፋችን ላይ ተደርድረው፣ ሰይድ ሲጫወት እንደ ትልቅ ሰው ያዳምጡት ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት የሰይድ ጓደኞች አንድ በአንድ በባሕር ወደ ሳውዲ እየሄዱ ሰፈሩ ጭር ብሎ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ሰይድ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ፣ «እዚህ ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው? ጊታሬን እንኳ ከአጠገቤ ካለው ሰው በቀር የሚሰማው የለም» አለ። እማ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። አባ ግን ራዲዮ ጠጋኝ ነውና መልሱን በእጁ ሊሰጠው ተነሳ፤ የአያቴን አሮጌ ራዲዮ ፈታትቶ፣ እንደ አምፖል የሚበሩትን የመስታወት ቱቦዎች አውጥቶ፣ ሳጥኑን ሠራው። ማንም አፍ አውጥቶ ባይናገረውም ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሳጥኑ ከሠራ ሰይድ ይቀራል።

ሳጥኑ ሠራ፤ ግን እስከ ግማሽ። ሰይድ አምባሰልን ሲጀምር ድምፁ ቤቱን ሞልቶ ይሄድ ይሄድና፣ ቱቦዎቹ በደንብ ሲግሉ ተንጫጭቶ እልም ይል ነበር። ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይመለሳል። «እንዳንተው ነው፣ ሲሞቀው ያኮርፋል» እያለ አባ ሰይድን ያበሽቀው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ክረምቱን ሙሉ ብልሽቱን ስንፈልግ ከረምን። አባ፣ ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ ልብ ያገኛል ይል ስለነበር፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በቀኙ በደረቀ የጥርስ መፋቂያ ቱቦዎቹንና ሽቦዎቹን ነካ ነካ ያደርጋል፤ እኔ ጆሮዬን ስፒከሩ ጋ አስጠግቼ እጠብቃለሁ። «በቀስታ ነው የሚነካው፣ ዘሚ» ይለኝ ነበር፤ «ከጮኸ ሕመሙ እዚያ ነው።»

መስከረም ላይ፣ አንድ ጁምዓ፣ አባ ውዱእ አድርጎ፣ መፋቂያውን እያኘከ ወደ መስጊድ ሊወጣ ሲል ሰይድ የሚጫወትበት ሳጥን መንጫጫት ጀመረ። «ቆይ፣ አሁን ያዝኩት!» ብሎ ተመለሰና ያንኑ መፋቂያ ከአፉ አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ሰደደው። እርጥብ ነበር። ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ አባ ግድግዳው ሥር ወድቆ ነበር። ሰይድ ሶኬቱን ነቀለ፤ እማ «ያ አላህ!» እያለች የአባን ፊት በውኃ ታብሰው ጀመር።

አባ ተረፈ፣ ቀኝ እጁ ግን ሻይ ሳያፈስ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። እማ፣ «ልጁን አስቀራለሁ ብለህ አንተው ጥለኸን ልትሄድ? ይሄ ሳጥን ከቤቴ ይውጣ!» አለች። ሳጥኑ አልጋ ሥር ገባ። ሰይድ ጊታሩን መንካት ትቶ፣ ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ እየወጣ በሹክሹክታ ያወራ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጀምር፣ እማ ገበያ በሄደችበት ቀን አባ ጠራኝ። «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ትነኪያለሽ፣ እኔ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነኝ።» ቀሚሴ ኪስ ስላልነበረው ግራ እጄን በእማ ሻርፕ ከወገቤ ጋር አሰረልኝ፣ ፀሐይ ላይ የሰነበተ መፋቂያም አስጨበጠኝ።

«አባ፣ ተው እንጂ፣ ልጅቷን ደግሞ!» አለ ሰይድ።

«አንተ ዝም ብለህ ተጫወት!»

ላብ ጀርባዬን እያሳከከኝ ነካሁ፣ ነካሁ፣ ሦስተኛው ቱቦ እግር ሥር ስደርስ ሳጥኑ ጮኸ። «እዚህ ነው!» ብዬ ቤቱን ቀወጥኩት። አባ ሶኬቱን ነቅሎ፣ በውስጡ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ጠብቆ ገልብጦ ሲያየው፣ ብየዳው ከላይ ያበራል፣ ከሥር ግን ሽቦውን አልያዘውም። መብራት በደከመበት ቀን፣ መበየጃው በቅጡ ሳይግል የበየደው ኖሯል። አባ እንደገና ሲበይደው ሰይድ የሚንቀጠቀጠውን እጁን አንጓው ላይ ያዘለት። ከዚያ አምባሰልን እስከ መጨረሻው ተጫወተ። እማ ከገበያ ተመልሳ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቀረች።

ኅዳር ላይ ሰይድ ሄደ። ጊታሩን ሳጥኑ ላይ አጋድሞ፣ ሳይሰናበተን። አባ ያንን ሳምንት ሙሉ፣ ምንም ያልሆነውን ሳጥን እየከፈተ ውስጥ ውስጡን ያይ ነበር።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፣ ሱቃችን ውስጥ የአባ ቀኝ እጅ እኔ ነኝ። ሰይድ ጁምዓ ጁምዓ ከሪያድ ይደውላል። በላህ ወይ? ሥራስ? እያልኩ ነካ ነካ አደርገዋለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ አብሽሪ» ይለኛል። ጊታር ታገኛለህ ወይ ስለው ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። አባ ከኋላዬ፣ «በቀስታ፣ ዘሚ» ይላል። ያኔ የሚጮኸውን ቦታ ሳገኝ ቤቱን በጩኸት እሞላው ነበር፤ አሁን ግን አገኘዋለሁ፣ እተወዋለሁ፣ ስለ ድመቶቹ አወራለታለሁ።