እስከ ወለቃ ድረስ

ይመኙሽ ጎንደር ከተማ ውስጥ በሆስፒታል ረዳት ነርስ ነበረች። በደርግ ዘመን፣ ሴት ልጅ ቱታ ለብሳ በአስፋልት ስትሮጥ ሰው ቆሞ በሚያይበት ጊዜ፣ እሷ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከታናሽ ወንድሟ ከሐዲስ ጋር ትወጣ ነበር። በደባርቅ መንገድ ወጥተው፣ ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሠሪዎች ከሚኖሩባት ከወለቃ መንደር ደርሰው ይመለሳሉ። ሐዲስ ከፊት ከፊት እየሮጠ «ነይ እንጂ፣ አሮጊት!» እያለ ያበሽቃታል። በሠራተኞች ውድድር መሥሪያ ቤቷን ወክላ የምትሮጠው እሷ ብትሆንም፣ ጉልበት የሚሆናት የሱ ቀልድ ነበር።

ሐዲስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ብቻዋን መሮጥ እንደ ጀመረች፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ከሰሜን ግንባር መርዶው መጣ።

ሸራ ጫማዋን አልጋ ሥር ወረወረችው። ከዚያ ወዲያ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ብቻ ሆነ። እናቷ «ምነው ልጄ፣ ትንሽ እንኳ ወጣ በዪ» ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ሸክላ ያዘለች ሴት ከመንገዱ ማዶ ጠራቻት።

«አንቺ ሯጯ!»

የወለቃዋ ፈንታዬ ነበረች፤ በየማለዳው ከደጃፏ ሆና እጇን የምታነሳላቸው ሸክላ ሠሪ። ከሰላምታ አልፈው አውግተው አያውቁም።

«ምነው ቀረሽ? አመመሽ እንዴ?»

«ወንድሜ ሞተብኝ፣ እትዬ ፈንታዬ።»

ፈንታዬ ሸክላዋን አውርዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ያ ሳቂታው ልጅ!» ብላ አለቀሰች። ይመኙሽም አጠገቧ ተቀምጣ አብራት አለቀሰች። ሊነሱ ሲሉ ፈንታዬ «በይ ነገ ነይ» አለቻት።

«መሮጥ አልችልም፤ አቅም የለኝም።»

«ማን ሩጪ አለሽ? እየተራመድሽ ነይ። እኔም ጭቃ የማቦካው ብቻዬን ነው።»

በማግሥቱ ካፊያ ነበር። ይመኙሽ ላለመሄድ ሰበብ ስትፈልግ ቆይታ፣ ሴትዮዋን ማስጠበቁ ቢከብዳት ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ወለቃ ስትደርስ ፈንታዬ ጭቃውን እየለወሰች የራሷን ነገረቻት። የበኩር ልጇ በእግሩ ወደ ሱዳን ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ወሬው አልተሰማም።

«ልቤ እሺ እስኪለኝ ብጠብቅ አንድ ድስት አይወጣኝም ነበር» አለች። «እጄን ጭቃው ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ምንም ቀኑ ይሄድልኛል።»

ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ዝናቡ በረታ። ይመኙሽ ለመጠለል ብላ ሮጠች። ከመጠለያው ደርሳም አልቆመችም። እንባዋና ዝናቡ ተቀላቅለው፣ ደረቷ እየተቃጠለ፣ እስከ ቤቷ ሮጠች።

ሁሉም ቀን እንዲያ አልሆነላትም። ከመንገድ የምትመለስበት ቀን ነበር፤ ፈንታዬ ዘንድ ደርሳ ወዲያው የምትመለስበትም ነበር። ፈንታዬ አንድም ቀን «ለምን?» አላለቻትም።

ሁለት ክረምት እንዳለፈ የፈንታዬ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተነሣ። ይመኙሽ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት።

«እግሬን የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

«እኔማ ምን አደረግሁ? ጭቃዬን ነው ያቦካሁት» ብላ ሳቀች ፈንታዬ። «ልጄን ካገኘሁት ስላንቺ አጫውተዋለሁ።» ከዚያ ግንባሯን ስማ አውቶቡሱ ላይ ወጣች።

በዚያው ዓመት በሠራተኞች ውድድር ይመኙሽ ሦስተኛ ወጣች። አዘዞ ላይ ከተካሄደው ውድድር በመኪና ሲመለሱ፣ በሆስፒታሉ ልብስ ክፍል የምትሠራው ባንቺአየሁ «ይህን ጉልበት ከየት አመጣሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ይመኙሽ መንገዱን ሙሉ ስለ ሐዲስና ስለ ፈንታዬ አወራችላት። ወንድሟ እንዴት ያበሽቃት እንደነበር ስትናገር ሳቀች፤ ከሞተ ወዲህ ስሙን ጠርታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሰፈር ሲደርሱ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው እናቷ ደጅ ወጥተው ነበር። ሜዳሊያዋን አውልቃ አንገታቸው ላይ ስታጠልቅላቸው፣ እልልታቸው ጎረቤቱን ሁሉ አወጣው።