የወይንሸት ዓመት

ይህን ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ ጾም ማፍረሴን፣ እናቴን በስልክ መቆጣቴን፣ ጎረቤቴን ማማቴን ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ ስለዚህ ልናገረው። ከንፈር እንድትመጥጡልኝ አይደለም። ከንፈር መምጠጥ የሚቀናው ካለ ከወዲሁ ገጹን ገልጦ ይለፍ።

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። ሰው ቀዶ ጥገና ሊገባ ሲል አስተኛለሁ፣ ሲያበቃ አነቃለሁ። የምሠራው ጅቡቲ ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ከአገር ቤት የመጡ ወጣት ነርሶች ኮሪደር ላይ ጠብቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። የሰመመን ትምህርት ቤት ለማመልከት ስንት ዓመት መሥራት አለብን? አንድ ይበቃል ወይስ ሁለት? “ሂዱ ሥራችሁን ሥሩ” ብዬ አልፋቸዋለሁ። ክፉ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ጥያቄውን የምጠላው ግን መልሱን ስለማላውቅ አይደለም፤ አንድ ጊዜ መልሼው ስለማውቅ ነው።

ያኔ ማጆር ነበርኩ፤ እዚህ በፈረንሳይኛው የነርሶችን አለቃ እንዲህ ነው የሚሏት። ወይንሸትን ያገኘኋት ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ገበያ፣ የአሠሪዋን አትክልት ተሸክማ ነው። ድሬዳዋ ነርስነት ተምራ በዲፕሎማ ተመርቃለች፤ እዚህ ግን ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ አዳሯም እዚያው ነው። ዳይሬክተሩን ለምኜ ክሊኒኩ አስገባኋት። ይህን የማነሳው ደግ ነበረች እንድትሉኝ አይደለም፤ የክፋቴ ሥር እዚህ ስለሆነ ነው። ከሰው ቤት ያወጣኋት እኔ፣ ነጭ ጋውን ያስለበስኳት እኔ። እንግዲህ ከእኔ በላይ መውጣት የለባትም አልኩ።

የመደብኳት ሬአ በምንለው ክፍል ነው፤ በራሳቸው መተንፈስ ያቃታቸው ሰዎች በመሣሪያ የሚተነፍሱበት። እኔ ለዓመታት ከበሽተኛ አልጋ ርቄ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ፤ የተረኛ ስም አወጣለሁ፣ ጓንት አድላለሁ፣ የተጣሉ ነርሶችን አስታርቃለሁ። እሷ በጥቂት ወር ውስጥ የእያንዳንዱን በሽተኛ አተነፋፈስ በመዳፏ ዳስሳ መለየት ጀመረች። ሐኪሞቹም እኔን አልፈው እሷን ይጠይቁ ጀመር። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ቀናሁ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ወደ አገር ቤት በሚወስደው የጋላፊ መንገድ ላይ መኪናው የተገለበጠበት የአገራችን ሾፌር መሣሪያው ላይ እያለ ማንቂያው ጮኸ። ሐኪሙ ለምሳ ወጥቷል። ሮጬ ገባሁና መሣሪያውን መነካካት ጀመርኩ። አንዱን ቁልፍ ስጫን ዝም ይላል፣ መልሶ ይጮኻል። የሰውየው ከንፈር እየጠቆረ ነው። ወይንሸት ከጎኔ መጣች፤ ሳትጮኽብኝ፣ ሳትገፋኝ።

“ሲስተር፣ መሣሪያውን ይተዉት፤ ሰውየውን ይዩት” አለች።

ከመሣሪያው ነቀለችው። በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ አየር እየሰጠች፣ ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ቱቦ የደፈነውን የረጋ ደም በመምጠጫ ስባ አወጣችው። ደረቱ ተነሳ። ከሳምንታት በኋላ ሾፌሩ በእግሩ ወጣ። ሲሰናበት የሳመው የእኔን እጅ ነው፤ አለቃዋ እኔ ነኛ። እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።

አሁን ወንጀሉን ስሙ። በዚያ ክፍል ተረኛ በወጣ ቁጥር የሚሞላ መዝገብ ነበር፣ አርዕስቱ ሁሉ በፈረንሳይኛ። በአንዱ ዓምድ ለበሽተኛው ኃላፊ የነበረችው ነርስ ትጻፋለች፣ በሌላው ረዳቷ። የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ ወይንሸት ያኔ ፈረንሳይኛዋ ከቦንዡር አያልፍም። የሾፌሩ ዕለት በኃላፊዋ ዓምድ የራሴን ስም ጻፍኩ። በረዳቷ ዓምድ የእሷን። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠኋትና እዚህ ጋ ፈርሚ አልኳት። ፈረመች። በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ ኃላፊ ሆንኩ፣ እሷ በሽተኛው ራስጌ ቆማ ረዳት ሆነች። ዓመቷን ሰረቅኳት፤ ያውም በገዛ እጇ እያስፈረምኩ። ሳላውቅ ነው ልበል? አውቄ ነው። አዲስ አበባ ያለው የሰመመን ትምህርት ቤት ከአመልካች የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ክፍል በኃላፊነት የተሠራ አንድ ዓመት። ክሊኒኩ የልምድ ማስረጃ የሚጽፈው ደግሞ ከዚያ መዝገብ ነው። እሷ ማመልከት እንደምትፈልግ ነግራኛለች። እኔም እንደምፈልግ አልነገርኳትም።

ሁለታችንም አመለከትን። የእሷ ተመለሰ፤ ልምድሽ የረዳት ነው፣ አይቆጠርም ተባለች። ደብዳቤውን ይዛ ቢሮዬ መጣች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

“ሲስተር፣ እርስዎ ያውቃሉ” አለችኝ፤ “ስንት ዓመት ብሠራ ይበቃኛል?”

ሁለት ዓመት ጨምሪ፣ እጅሽ ገና ነው አልኳት። ያንን እጅ ገና ነው አልኩት። ሾፌሩን ከሞት የመለሰውን፣ እኔ ቆሜ ያየሁትን እጅ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ተመስግኖ ምሳውን የሚበላ? እኔ በላሁ።

እኔን ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። ያጋጠመሽን አንድ ከባድ በሽተኛ ንገሪን ሲሉኝ የሾፌሩን ነገርኳቸው። መሣሪያውን ትቼ ሰውየውን አየሁ አልኩ፤ ምላሴ እንኳ አልተሳሰረም። ተያይተው ፈገግ አሉ። አለፍኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? እኔ በልቼም ቆጨኝ።

ተመርቄ ወደዚሁ ክሊኒክ ተመለስኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ወላድ በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ሳለች የደሟ ኦክስጅን መውረድ ጀመረ። ትምህርቱን ተምሬያለሁ፣ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ እጄ ግን እንደ ያኔው ወደ መሣሪያው ሄደ። ትምህርት ቤቱ ያንን አንድ ዓመት የሚጠይቀው ለዚህች ቅጽበት ኖሯል። የእኔ ዓመት ደግሞ ወረቀቱ ላይ እንጂ እጄ ላይ አልነበረም። ዕቃ ልታቀብል የቆመችው ወይንሸት ጠጋ ብላ መሣሪያውን እንድተወው በጆሮዬ ነገረችኝ። ሴትየዋን አየኋት። ቱቦው ከቦታው ሸርተት ብሎ ነበር፤ መለስኩት። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ያለ ወይንሸት ሰው አላስተኛም። እሷን መድቡልኝ እላለሁ። ሰዉ ትወዳታለች ይላል። አልወዳትም። ልናገር ከተነሳሁ አይቀር፣ እጠላታለሁ። የበደሉትን ሰው በየቀኑ ማየት ምን እንደሆነ የበደለ ያውቀዋል። ያልኳትን ሁለት ዓመት ሠራች፣ ሦስተኛም ጨመረች፤ ከዚያ ማመልከቱን ተወችው። ፈረንሳይኛ ዛሬ ከእኔ እኩል ታነባለች። ያ መዝገብ ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ፣ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው። ገልጣው ይሆን? አልጠይቃትም።

እውነቱን ጽፌ መፈረም እችላለሁ። አንድ ገጽ ቢሆን ነው። የእኔን የሥራ ፈቃድ ይነጥቁኛል፤ የእሷ ዓመት ግን ይመለስላታል። አልጻፍኩም። ለእናንተ መለፍለፌም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ለማላውቀው ነግሬ፣ ለሚመለከተው ዝም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ከእናንተ የወሰድኩት ነገር የለም። እሷን ይቅር በይኝ የምልበት አፍ ደግሞ የለኝም፤ የሰረቁትን በእጅ ይዞ ይቅርታ አይለመንም።

ትናንት አንድ የአገራችን አዛውንት ላስተኛቸው ስል እጄን ያዙኝ። ፈርተዋል። ልጄ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ቆይተሻል ወይ አሉኝ። የማስተኛውን ጭምብል አነሳሁ። ወይንሸት ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ዳበሰች።

“አይዞዎት አባቴ” አለች፤ “ሲስተር የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ናቸው።”

አመኗትና ዓይናቸውን ከደኑ። እሷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ መሣሪያውን አየሁ።