ታንከሬ ውስጥ ውሃ የጨመረው ሰው

ዛሬ ጠዋት ከሞተር ሳይክሌ ታንከር የቀዳሁት ቤንዚን ግማሹ ውሃ ሆኖ አገኘሁት።

ሞተሯ ክረምቱን የከረመችው ቆርቆሮ ጥላ ስር ነው፤ ዝናብ አይነካትም። ታንከሩ ግን ውስጡ በዝገት ቀልቷል። ሰው ካልጨመረበት ውሃው ከየት ይመጣል?

ወዲያው የጠረጠርኩት ጎረቤታችንን አያ ደሴን ነው። "ሸጋ ሞተር ናት፤ ቆማ ከምትበላሽ ሽጥልኝ" እያሉ ሲጎተጉቱኝ ከርመዋል። ዛሬም በአጥር በኩል አንገታቸውን አስግገው "ምነው፣ አልነሳም አለችህ?" አሉኝ። አለመነሳቷን ማን ነገራቸው?

ታንከሩን ፈትቼ፣ ዝገቱ እንዲለቅ አቼቶና አሮጌ ብሎኖች ጨምሬ መናጥ ጀመርኩ። ቀይ ጭቃው ሲወጣ የእኔም ንዴት ባሰ። ፊት ለፊት ልጠይቃቸው ብዬ ተነሳሁ።

እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ። "ሰውየውን ተዋቸው። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

"ምነው እማዬ?"

"መንገዱ ሰላም ሳይሆን እንፍራንዝ ካልሄድኩ አልክ። ብለምንህ እምቢ አልከኝ። ምን ላድርግ?"

ለካ ክረምቱ ሲገባ ሞተሯ አልነሳ ብላኝ ከመንገድ የቀረሁት በዚህ ነው። ያን ቀን አብሬው ልሄድ የነበረው ጓደኛዬ ሞተሩን መንገድ ላይ ተቀምቶ በእግሩ ነው የተመለሰው።

አሁን ታንከሩ ታጥቦ ፀሐይ ላይ እየደረቀ ነው። እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ "ነገ ትነሳለች?" ብላ ጠየቀችኝ። አጠያየቋ አላማረኝም።

የእናንተስ ቤት? ለእናንተው ብሎ ንብረታችሁን ያበላሸ ሰው አለ? እስቲ ጻፉልኝ፤ እኔ ታንከሩን እየጠበቅኩ አነባለሁ።