የኖሪን በራድና የበረንዳው ሎሚ

ዋላንጉል በምትባለው የገጠር መንደር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው ለቄሱ ነው፤ ቀጥሎ ለኖሪን ተክዌል። ቄሱ ጸሎቱን ያሰናዳል፣ ኖሪን ውሃውን ትጥዳለች። ከሁለቱ አንዱ ይቅር ቢባል የመንደሩ ሰው ጸሎቱን ያስቀር ነበር፤ ቄሱ እንዳይቀየም ብሎ አይናገርም እንጂ።

የሴቶች ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ባለ ቧንቧ ትልቅ የውሃ ማፍያ አለ፤ ሁለት መቶ ስኒ ይሞላል። የተቀመጠበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ላለፉት ሃያ ሦስት ዓመታት ከኖሪን አንገት ወርዶ አያውቅም፤ ከመነጽሯ ክር ጋር ተንጠልጥሎ አብሯት ይዞራል። ስድስት ሊቀ መንበር ተቀያይሯል፣ ሁለት ጸሐፊ ተኳርፎ ወጥቷል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሻይዋ ስለሚጥም እንዳይመስልህ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የኖሪን ሻይ ጫማ ይቀባል። የሷ ኃይል ሌላ ነው፤ የአገሩን ሰው አጠጣጥ አንድ በአንድ በቃሏ ይዛለች።

መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው። ማን ከወተት፣ ማን ያለ ወተት፣ ማን አፉ "አንድ ስኳር" እያለ እጁ ሁለት የሚጨምር፣ ሁሉንም ታውቃለች። አትጠይቅህም። ስኒውን እጅህ ላይ ታኖርልህና ወደሚቀጥለው ታልፋለች፤ ስትቀምሰው ልክ ነው። በግ ሸላቹ ሌስ ሃርግሬቭ ከሁለት ስኳር ወደ ሦስት የተሸጋገረ ዕለት "ይኼ ሰውዬ ትዳሩ አልደላውም" ብላ ነበር። ሚስቱ ጥላው የሄደችው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሌስ ራሱ እንኳ ከኖሪን ኋላ ነው የሰማው። ይህን ሁሉ ማወቋ ግን ትሑት አላደረጋትም።

ቡናን በተመለከተ አቋሟ አጭር ነበር። "ቡና የሚጠጣ ሰው መቀመጫ ያጣ ሰው ነው" ትላለች። አዳራሹ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ቡና ተቀምጧል፤ ለከተማ ሰውና ለማይወደድ አማች የሚቀርብ ነው። ክዳኑ ዝጎ በቢላ ካልሆነ አይከፈትም።

ታዲያ የካቲት ላይ፣ በጋችን ሲያበቃ፣ ቴጋን የምትባል የአገሩ ልጅ ከሜልበርን ተመለሰች። አሮጌ የፈረስ ተጎታች ገዝታ፣ ጎኑን ከፍታ፣ ማሽን ተክላ፣ ከእህል ጎተራው ሥር ቡና መሸጥ ጀመረች። መጀመሪያ የጭነት መኪና ነጂዎች ቆሙላት። ከዚያ አስተማሪዎቹ። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ቄሱ በወረቀት ስኒ ሲጠጣ ታየ፤ ኖሪን ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀረች።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጆስሊን ፓስክ፣ ኖሪንን ዓይንሽ ላፈር የምትል ሴት፣ መስከረም ማብቂያ ላይ ሐሳብ አቀረበች፤ በዘንድሮው የገበሬዎች ትርዒት ላይ የመጠጡ ድንኳን ለቴጋን ይሰጥ፣ አሮጌው ማፍያ ደግሞ "በክብር ጡረታ ይውጣ"። ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ተባለ። ትርዒቱ ከተነጠቀ ቀብሩም፣ ሠርጉም፣ ስብሰባውም ተከትሎ እንደሚሄድ ኖሪን አላጣችውም። ያለዚያ ቁልፍ እሷ ማን ናት? አንዲት እግሯን የሚያማት የገበሬ ሚስት።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ተናገረች።

"ማሽን ሰው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። በዚህ ወረዳ አጠጣጡን የማላውቀው አንድ ሰው፣ አንድ፣ ካገኛችሁልኝ ቁልፉን በገዛ እጄ ከአንገቴ አውልቄ አስረክባለሁ።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንዳንዱ ዳቦውን፣ አንዳንዱ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ኖሪን ያከበሯት መሰላት።

ረቡዕ የልብስ ቀን ነው። የባሏን የክላይቭን ሸሚዝ ማጠቢያው ውስጥ ልትከት ኪሱን ስትፈትሽ አንድ ጠንካራ ወረቀት እጇ ገባ። የቡና ስኒ ተስሎበታል። ዘጠኝ ማኅተም ተመትቶበታል። ከታች "አሥረኛው በነጻ" ይላል።

ሌላ ሴት ባሏ ኪስ ውስጥ የሴት ፎቶ ብታገኝ እንዲህ አትሆንም። ኖሪን የማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። አርባ አንድ ዓመት። በየማለዳው የምትቀዳለት፣ ጠቆር ያለ፣ ወተት ጠብ ያለበት፣ ስኳር የሌለው ሻይ፤ አርባ አንድ ዓመት ስኒውን ተቀብሎ "ተባረኪ ኖሪ፣ እስቲ ሰማዩን ልየው" እያለ ወደ በረንዳ የሚወጣው ክላይቭ። ገበሬ ሰማይ ማየቱ ምን ይገርማል ብላ ነበር የኖረችው።

ልብሱን ጥላ፣ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ወደ ጎተራው ነዳች። ቴጋን ስታያት የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

"ወይዘሮ ኖሪን፣ ምነው፣ ሰላም ነው?"

ኖሪን ካርዱን ባንኮኒው ላይ አኖረችው። "ይኼን የመታሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። የጋሽ ክላይቭ ነው፤ ጠፋባቸው እንዴ?"

"አልጠፋበትም። ምንድነው የሚጠጣው?"

ቴጋን ለምስክርነት የተጠራች መሰላት። "እንግዲህ… ትልቁን ካፑቺኖ ነው።"

"ስኳር?"

"ሦስት። ከላይ ደግሞ የቸኮሌት ዱቄት አለ። በዛ ይደረግልኝ ይላሉ።"

"የቸኮሌት ዱቄት" አለች ኖሪን። የሰባ ዓመት ሰው ነው። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከከፈትኩ ጀምሮ፣ ማክሰኞና ዓርብ። ይኼ ስድስተኛ ካርዳቸው ነው።" ከዚያ ልጅቷ ነገሩን ያለዘበች መስሏት ፈገግ አለች። "አሥረኛው በነጻ አይደል፤ ለርስዎ ልሥራው። እንዴት ነው የሚወዱት?"

ኖሪንን ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። የምትጠጣው ሁልጊዜ ሰው ሁሉ ከጠጣ በኋላ በራዱ ሥር የቀረውን፣ የቀዘቀዘውን፣ አፍ የሚያጣብቀውን ነው። የምትወደው ግን ሌላ ነበር። ልጅ ሆና ሲያማት እናቷ የምትሠራላት፣ ቀጠን ያለ፣ ወተት የሌለበት፣ አንድ ክብ ሎሚ ጣል የተደረገበት። ለማን ትንገረው?

"ምንም አልፈልግም" ብላ ካርዱን አንሥታ ሄደች።

መንገድ ላይ ታወሳት። ክላይቭ መጀመሪያ እናቷ ቤት የመጣ ቀን፣ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ሻይ እንዴት ላድርግልህ?" ብላው ነበር። "አንቺ እንደቀዳሽው" አለ። እኛ ዋላንጉሎች እንዲህ ነን። ሰው ቤት ሄደን "ስኳር ይጨመርልኝ" ከምንል ጥርሳችን ያለ ማደንዘዣ ቢነቀል ይቀለናል። ማስቸገር ነውር ነው። እሷም እንደቀዳችው ቀዳች። እሱም "ጥሩ ነው" አለ። ጥሩ ነው ያሉትን ነገር በማግሥቱ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ በዓመቱም አይቻልም፤ አርባ አንድ ዓመት ሲሞላማ ጭራሽ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ የሐሙስ ዕለት፣ እንደ ወትሮዋ ቀዳችለት። "ተባረኪ ኖሪ፣ ሰማዩን ልየው" አለና ወጣ። እሷ ከመጋረጃው ኋላ ቆመች። ክላይቭ ሰማዩን ቀና ብሎም አላየው። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ሻዩ እስኪበርድ ጠበቀና ለሠርጋቸው የተከሉት ሎሚ ሥር ቀስ አድርጎ አፈሰሰው፤ ከዚያ ስኒውን አራገፈ። ሎሚው በትርዒቱ ሦስት ጊዜ አንደኛ የወጣ ሎሚ ነው። ሽልማቱን የወሰደችው ኖሪን ነበረች፤ ምሥጢሩን ሲጠይቋት "እጄ ነው" ብላ ነበር። እውነትም እጇ ነበር።

ወደ ስብሰባው ሁለቱ አንድ መኪና ውስጥ ሄዱ። ስለ ካርዱ አላነሣችበትም፤ እሱም ጭንቀቷ የድምፅ መስጫው መሰለው። ሃያ ስድስት ሴቶች ተቀምጠዋል። ክላይቭ ከኋላ ወንበር እየደረደረ ነው። ሊቀ መንበሯ ሜርል ሐሳቡን አነበበችና "የሚናገር?" አለች። ጆስሊን ተነሣች።

"ኖሪን፣ አጠጣጡን የማላውቀው ሰው የለም ነው ያልሽው፣ አይደል?"

"ነው ያልኩት።"

"እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው፤ ክላይቭ ምን ይጠጣል?"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ኖሪን ፊቶቹን አየች፤ ሁሉም አቀርቅሯል። ያኔ ገባት። የማያውቅ የለም። ሰባት ወር ሙሉ መንደሩ በመስኮት ሲያየው፣ በጎተራው በኩል ሲያልፍ "እንደምን አደርክ ክላይቭ" ሲለው ከርሟል፤ ለሷ ትንፍሽ ያለ የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ክላይቭ ወንበሩን እንደያዘ ከኋላ ጮክ አለ። "ሻይ ነዋ። እሷ የምትቀዳውን ሻይ። ሌላ ምን እጠጣለሁ?"

ጆስሊን ፈገግ አለች። ውሸቱን ትጠብቀው ነበር፤ ክላይቭን በወረቀት ስኒ ሲጠጣ ያየውን ሰው ሁሉ ልትቆጥር ጣቷን አዘጋጅታለች።

"አንተ ተቀመጥ" አለች ኖሪን። ከዚያ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ንዴት ጥሩ ምርኩዝ ነው። "ባሌ ሻይ አይጠጣም። ትልቁን ካፑቺኖ፣ ሦስት ስኳር፣ ከላይ የቸኮሌት ዱቄት፣ እሱም በዛ ተደርጎ። ማክሰኞና ዓርብ። የኔን ሻይ ሎሚው ነው የሚጠጣው። ሎሚው ያለ ስኳር ነው የሚወደው፤ እሱንም ጻፊው ጆስሊን። ሌላ የቀረ ሰው አለ?"

ከዚያ ሜርል ሳታስበው ፈነዳች፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ክላይቭ ወንበሩ ላይ እንደ ተያዘ ሌባ ተኮራምቶ ጆሮው ቀላ። ድምፅ ተሰጠ፤ አሥራ ሰባት ለማፍያው፣ ዘጠኝ ለተጎታቹ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ቀረ። ጆስሊን ወረቀቷን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ መጥቶ የኖሪንን እጅ ጨበጠ፤ እሷ ግን ደስታው ቢፈለግ አልተገኘላትም። ባሏን አጋልጣ ያሸነፈችውን ነገር ምን ብላ ትደሰትበት።

"ዛሬስ አንቺ አትቀጂም" አለች ሜርል። "ና እንጂ ክላይቭ፤ ካሳ ክፈል። ለሚስትህ አንድ ስኒ ቅዳላት።"

ክላይቭ ተነሥቶ መጣ። ስኒ አነሣ። የማፍያው ፊት ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ ስኒውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ አዛወረ። በራዱን አየ፣ ወተቱን አየ፣ ስኳሩን አየ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሜርልን አያት፤ ሜርል ጎረቤቷን አየች፤ ጎረቤቷ ጆስሊንን። የመቶ ሠላሳ ሁለት ሰው አጠጣጥ በቃሏ የያዘችው ሴት ራሷ እንዴት እንደምትጠጣ የሚያውቅ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ሻይዋን የጠጣ ሁሉ አፈረ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል።

"ኖሪ" አለ ክላይቭ ዝግ ብሎ፣ "እንዴት ነው የምትጠጪው?"

ቀጠን ያለው ሻይ፣ ክቧ ሎሚ፣ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጡ። ሃያ አምስት ሴት ዓይኗን ተክላባታለች። የአዳራሹ ቁም ሳጥን ውስጥ ሎሚ የለም፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ሊፈልግ ይሄዳል፣ ስብሰባው ይጓተታል። ማስቸገር ይሆናል።

"አንተ እንደቀዳኸው" አለች።

ፊቱ በራ። ጠቆር አድርጎ ቀዳ፣ ወተት አፈሰሰ፣ ሰው ሲወድ የሚወደውን ይሰጣል አይደል፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሞልቶ ጨመረና አማሰለ። በሁለት እጁ ደግፎ ሰጣት። ቀመሰችው። ጣፋጩ ጥርሷን ወጋት።

"ጥሩ ነው?"

"ጥሩ ነው" አለች።

ዓርብ ማለዳ ኖሪን ስትነቃ ውሃ ሲፈላ ሰማች። ክላይቭ ከሷ ቀድሞ ተነሥቶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ስኒ አቅርቦ ይጠብቃታል፤ ወተቱም ስኳሩም እንደ ትናንቱ። ከንግዲህ በየቀኑ የሚቀዳላት እሱ እንደሆነ ነገራት። በሕይወቷ ማንም እንዲህ አላደረገላትም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አልደበቀችውም። ስኒውን አነሣች።

"ተባረክ ክላይቭ" አለች። "እስቲ ሰማዩን ልየው።"

በሩ ተዘጋ። ክላይቭ ማንኪያውን እንደያዘ ወጥ ቤት ቆሞ ጠበቀ። ትንሽ ቆይቶ ሎሚው ሥር ቷ ብሎ ሲፈስ ሰማ፣ ከዚያ ስኒ ሲራገፍ። አርባ አንድ ዓመት የለመደው ድምፅ ስለሆነ አልተሳሳተም፤ ስትመለስ ግን ምንም አላላትም።