ሾላው ላይ የወጣው ቢጫ ነገር

ረቡዕ ጠዋት ከደሴ ተነሣሁ። የሄድኩት አንድ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ለማየት ነው። ላቦራቶሪ አብራኝ የምትሠራው ፋጡማ ፎቶ አሳይታኝ ነበር፤ ጨፋ ሮቢት አጠገብ እናቷ ጓሮ ካለው ሾላ ግንድ ላይ ቢጫ፣ ዝልግልግ ነገር ወጥቷል። ወንድሟ ሰዒድ በሽታ ነው ብሎ ለሐሙስ መጋዝ ያላቸው ሰዎች ቀጥሯል።

ኮምቦልቻን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ሞቀ። ከሚሴ ላይ መኪና ቀየርኩ። ሜዳው ውሃ ተኝቶበት፣ ከብቶቹ በጉም ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ከሮቢት ባጃጅ ያዝኩ።

«አከም ጅርታ? ደህና ነሽ? ግቢ ልጄ፣ ዝናቡ ሳይዝሽ» አሉኝ የፋጡማ እናት፣ ወይዘሮ ዘሀራ። ሾላውን የተከሉት ሟቹ ባላቸው ናቸው። እሳቸውም ዙህርን፣ የቀትሩን ሰላት፣ የሚሰግዱት ጥላው ሥር ነው።

ሰዒድ ወደ ግንዱ ወሰደኝ። «ብርቱካኖቼን በሽታ ጨረሰብኝ። ይኼ ደግሞ ወደ ማንጎው ቢሻገርስ?»

«ዝልግልግ ሻጋታ የሚሉት ይመስለኛል። ቅርፊቱ ላይ ያለውን ፈንገስና ባክቴሪያ ይበላል እንጂ ዛፉን አይነካም።»

«ይመስለኛል?»

ጎንበስ ብዬ እንደገና አየሁት። ገና እርጥብ ሳለ ቢጫዎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ዝርያቸው የሚለየው ደርቀው ፍሬ ሲያወጡ ነው። መቼ እንደሚያወጣ እንደማላውቅ ነገርኩት።

ሰዒድ ከሰል አምጥቶ፣ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ከቢጫው ጠርዝ ላይ መስመር አሰመረ። ሦስታችንም ተቀመጥን። ካፊያው ቅጠሉ ላይ ያንሾካሽካል፤ ወይዘሮ ዘሀራ በለሆሳስ ዚክር ያደርጋሉ። ቢጫውን ትክ ብዬ ሳየው ቆሟል፤ ዓይኔን አንሥቼ መልሼ ሳየው ቅርጹ ሌላ ነው። የተኛ ሰው ትንፋሽ የምጠብቅ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት ሲደርስ መስመሩን ጣት ያህል አልፎታል።

«የሚሄድ ከሆነ ወደ ማንጎውም ይሄዳላ» አለ ሰዒድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ ዘሀራ ቀሰቀሱኝ። ቢጫው የለም። በቦታው በቀጫጭን ክር የተንጠለጠሉ፣ ሰማያዊ የሚያብለጨልጩ ግራጫ፣ እንቁላል መሰል ፍሬዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ብዙም አይበልጡም። አንዱን በመርፌ ከፍቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ውስጡ ነጭ የኖራ መረብና ጥቁር ብናኝ ነበር።

«ባድሃሚያ ይባላል» አልኩት ለሰዒድ። «የፈንገስ በላተኛ ነው።»

ባለመጋዞቹ በር ላይ ቆመዋል። «እርግጠኛ ነሽ?» አለ ሰዒድ።

«አሁን ነኝ።»

በመነጽሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ሰዎቹን ይዞ፣ ሊቆርጣቸው አልጨክን ብሎ ደርቀው ወደቆሙት ብርቱካኖች ሄደ። ወይዘሮ ዘሀራ «አልሀምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

ማታ ደሴ ገባሁ። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሳይ ብናኞቹ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘዋል፤ ስሙን ሙሉ አድርጌ ጻፍኩ፤ ባድሃሚያ ዩትሪኩላሪስ። እስከዚያ ቀን ፎቶ እያየሁ ስም መጥራት ይቀናኝ ነበር። ያን ልማድ የተውኩት በሰዒድ አንዲት «ይመስለኛል?» ነው።