ልጄ የተነፈገችው ፀሐይ

ልጄን የወለድኩ ሰሞን ኮዬ ፈጬ ያለው ኮንዶሚኒየማችን በጠያቂ ተሞላ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካሉኝ በኋላ ሁሉም የሕፃኗን ኮፍያ ገለጥ አድርገው ጆሮዋን ያያሉ። ሕፃን ሲወለድ ቀላ ብሎ ስለሚታይ፣ ኋላ የሚይዘው መልክ ከጆሮው ይታወቃል ይባላል። የልጄ ጆሮ ጠቆር ያለ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ «አይዞሽ፣ ጠይም ቆንጆ ትሆናለች» አለችኝ፤ ልጄ የታመመች ይመስል!

ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ ደግሞ ነገሩን አምርራ ያዘችው። «ፀሐይ ካልነካት ትቀላለች» ብላ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ጋረደች። ለክትባት እንኳ ስንወጣ ፊቷን ሸፍና ነው። ሥራ ስጀምር የቂሊንጦው ፋብሪካ ሰርቪስ ሳይነጋ ወስዶኝ ከሰዓት ደክሞኝ ይመልሰኛል፤ ልጄን የምትይዘው እናቴ ነበረች። አውጫት ባልኳት ቁጥር «ተይኝ፣ እኔ አውቃለሁ» ትለኛለች።

ልጄ ዓመት አልፏትም መቆም አቃታት። ላቆማት ስሞክር እግሯ ይብረከረካል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እግሯንና ደረቷን ዳብሳ፣ «ፀሐይ ታሞቋታላችሁ?» አለችኝ። እናቴ መስኮቱን እንደጋረደች ነገርኳት። አጥንቷ ፀሐይ አጥቶ እንደለሰለሰ ነግራኝ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ በየጠዋቱም እርቃኗን ፀሐይ እንዳሞቃት አዘዘችኝ። «ትጠቁራለች እየተባለ ስንቱ ልጅ እንዲህ ሆኖ ይመጣል መሰለሽ» አለች።

ቤት እንደገባሁ መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቅዬ አወረድኩት። እናቴ ልትቀማኝ ተነሳች።

«በጥቁረቴ ያየሁትን የማውቀው እኔ ነኝ! ‹ባሪያ› እያሉ ቢያስመርሩኝ ነው ትምህርቴን የተውኩት። እሷም እንደኔ ትሁን?» ብላ አለቀሰች።

ይህን ነግራኝ አታውቅም። እኔም አለቀስኩ። መጋረጃውን ግን አልመለስኩትም።

«እማዬ፣ አንቺን ትምህርትሽን አስጥለውሻል። የልጄን እግር ግን አይወስዱም» አልኳት።

ፈረቃዬን አስቀየርኩ። በየጠዋቱ ከብሎካችን ፊት ለፊት ነጠላ አንጥፌ ልጄን አሞቃታለሁ። ከየበረንዳው «አጠቆርሻት እኮ!» ይሉኛል። «ገና ምኑ ታይቶ!» እላለሁ። እናቴ ጥቂት ቀን አኩርፋ ከረመችና አንድ ጠዋት ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ቀርታ አታውቅም።

ልጄ ቆየት ብላ ቆመች፤ እግሯ ትንሽ ወልገድ እንዳለ መራመድ ጀመረች። አንድ ቀን ከላይ አንዲት ሴት፣ «ውይ፣ ይቺ ልጅ እንዴት ጠቁራለች!» ስትል ለመመለስ አፌን ከመክፈቴ እናቴ ቀደመችኝ።

«አዎ ጠቁራለች! ውረጂና ስትሄድ እያት!»